ስሟ ቁጥር የሆነ መንደር

እስቲ ይህን ቁጥር አንብቡት፦ 84። ሰማንያ አራት ካላችሁ ልክ ናችሁ። በአሜሪካ አገር፣ በፔንስልቫኒያ ግዛት፣ ስሟ «ሰማንያ አራት» የሆነ ትንሽ መንደር አለች። ስሙ እንዴት እንደ ወጣላት ሰው ሁሉ የየራሱን ያወራል። እኛ ስሙን ትተን ወደ ጣውላው እንሂድ። ዓመቶቹ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

አሜሪካኖች የመኖሪያ ቤት የሚሠሩት በአብዛኛው በእንጨት ነው። እንደ እኛው እንጨት ያቆማሉ፤ ያጋድማሉ። እኛ ግን ባሕር ዛፉን ቆርጠን እንዳለ እንተክላለን። እነሱ በመጋዝ የተሰነጠቀ፣ ውፍረቱ አንድ ዓይነት የሆነ ሞራሌ ይገዛሉ። ግድግዳውን በጭቃ አይመርጉትም፤ በኮምፔንሳቶና በሌላ ሰሌዳ ይሸፍኑታል። ስለዚህ ቤት የሚሠራ ሰው መጀመሪያ የሚሄደው ጣውላ ሻጭ ዘንድ ነው።

አቶ ጆ ሃርዲ በ1923 ተወለዱ። ቤተሰባቸው በፒትስበርግ ከተማ የጌጣጌጥ መደብር ነበረው። እሳቸውም እዚያ ሻጭ ነበሩ። ወርቅና አልማዝ ይሸጡ የነበሩት ሰው እንግዲህ ወደ ሚስማርና ወደ ጣውላ ዞሩ። በ1956 በዚያች መንደር መደብር ከፈቱ። ስሙንም «84 ላምበር» አሉት። ላምበር ማለት ጣውላ ማለት ነው።

ሽያጩ እጅ በእጅ ነበር። ዱቤ የለም። ገዢው መኪናውን ይዞ ይመጣል፤ ይከፍላል፤ ራሱ ጭኖ ይሄዳል። መደብሩ ማሞቂያ እንኳ አልነበረውም። የዚያ አገር ክረምት በረዶ መሆኑን አትርሱ! ወጪው ትንሽ ስለሆነ ዋጋው ረከሰ። ዋጋው ሲረክስ ገዢ በዛ። መደብሩም እየተራባ በብዙ ግዛቶች ተከፈተ። (የርካሹን ዋጋ ከፊሉን የከፈለው ብርድ ላይ የቆመው ሠራተኛ ነው ቢባል ግን ሐሰት አይሆንም።)

ልጃቸው ማጊ ከልጅነቷ ጀምሮ አባቷን ተከትላ ወደ መደብሮቹ ትሄድ ነበር። በ1992 አባትየው ድርጅቱን ለእሷ አስረከቡ። ገና በሃያዎቹ ዕድሜ ላይ ነበረች። የጣውላ ንግድ ደግሞ በዚያም አገር የወንድ ሥራ ነበር። ኃላፊ ሆነዋልና ከእንግዲህ እኛም አንቱ እንበላቸው።

በእሳቸው ጊዜ ዋነኞቹ ደንበኞች ቤት ሠርተው የሚሸጡ ሥራ ተቋራጮች ሆኑ። እነዚህ ደግሞ እቃው ሥራው ቦታ ድረስ እንዲመጣላቸው ይፈልጋሉ፤ ዱቤም ይጠይቃሉ። የድሮው ደንብ ቀረ። ንግዱም ሰፋ፤ አደጋው ግን አብሮ ሰፋ። ተቋራጩ ሥራ ካቆመ ጣውላውን ማን ይገዛል?

ይህም ደረሰ። የአሜሪካ ባንኮች መክፈል ለማይችሉ ብዙ ሰዎች የቤት መግዣ ብድር ሰጥተው ነበር። ተበዳሪው መክፈል ሲያቅተው የቤት ዋጋ ወደቀ፤ ግንባታም ቆመ። በ2005 ከ2 ሚሊዮን በላይ አዳዲስ መኖሪያዎች ተጀምረው ነበር። በ2009 የተጀመሩት 5 መቶ 50 ሺህ ያህል ብቻ ናቸው። ከአራት እጅ አንዱ ማለት ነው።

84 ላምበር ብዙ መደብሮቹን ዘጋ። ዕድሜያቸውን ሙሉ ጣውላ ሲጭኑ የኖሩ ሠራተኞች ከሥራ ወጡ። ወይዘሮ ማጊ ድርጅቱን ሸጠው የተረፈውን ይዘው መሄድ ይችሉ ነበር። እሳቸው ግን ከግል ሀብታቸው እያወጡ ድርጅቱ ውስጥ ጨመሩ። ባይሳካላቸው የራሳቸውም የድርጅቱም ገንዘብ አብሮ ይጠፋ ነበር። የተባረሩት ሠራተኞች ግን እንዲህ ያለ ምርጫ አልነበራቸውም።

ግንባታው ከዓመታት በኋላ ተመለሰ፤ ድርጅቱም አገገመ። ዛሬ መደብሮቹንና ሌሎች ተቋማቱን ጨምሮ ከ300 በላይ ቦታዎች አሉት። ከመደብሮቹ ሌላ የጣራ እንጨት አስቀድሞ ገጣጥሞ የሚያዘጋጅ ፋብሪካም አለው፤ ተቋራጩ ክሬን አምጥቶ ግድግዳው ላይ መጫን ብቻ ነው።

አቶ ጆ ሃርዲ ጃንዋሪ 7 ቀን 2023 ዓረፉ። ዕለቱ 100 ዓመት የሞላቸው ቀን ነበር። ድርጅቱ አሁንም በልጃቸው እጅ ነው። ዋናው ቢሮም ከዚያችው ከሰማንያ አራት መንደር አልወጣም።