ከቁጥሩ በፊት ማዕዘኑን እንጠይቅ

በትርፍ ጊዜያችን ጎልፍ የምንጫወት ተማሪዎች ጥቂቶች ነን። ጥቂቶች ብንሆንም በአንድ ነገር ስንታለል ዝም ማለት አይገባም፤ ይኸውም በብረቱ ዱላ ላይ የተቀረጸውን ቁጥር እንደ እውነተኛ መለኪያ የመቀበል ልማድ ነው።

«የእኔ 7 ቁጥር ካንተው 7 ቁጥር አርቆ ይመታል» ሲባል እንሰማለን። ነገር ግን 7 ቁጥር ምንድን ነው? ኳሱን የሚያነሣው የብረቱ ፊት ወደ ኋላ ያጋደለበት ማዕዘን፣ ማለት ሎፍት የሚባለው ነው እንጂ ቁጥሩ አይደለም። ከጥቂት ዐሥርተ ዓመታት በፊት የ7 ቁጥር ሎፍት አብዛኛውን ጊዜ ከ34 ዲግሪ በላይ ነበር፤ ዛሬ ለርቀት ተብለው ከሚሠሩት ውስጥ ግን ከ30 ዲግሪ በታች የሆኑ ብዙ ናቸው። የቀድሞው 5 ቁጥር ስሙን ለውጦ 7 ተባለ ማለት ነው። ሠሪዎቹ የብረቱን ክብደት ወደ ታች ስላወረድነው ኳሱ እንደ ልብ ይነሣል ይላሉ፤ ይህ ሐሰት አይደለም። ሐሰቱ ያለው በእኛ ጉራ ላይ ነው።

ጉራውም ዕዳ አለው። እንዲህ ያለው ስብስብ ፒቺንግ ዌጁ 43 ዲግሪ ሲሆን፣ ኳስ ከአሸዋ የምናወጣበት ሳንድ ዌጅ 56 ዲግሪ ቢሆን፣ በመካከሉ 13 ዲግሪ ባዶ ይቀራል። ባዶውን ለመሙላት ሌላ ዌጅ መግዛት ግድ ነው። ደንቡ ደግሞ በአሜሪካ ከ1938፣ በብሪታንያ ከ1939 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ከ14 ዱላ በላይ መያዝን ይከለክላል። ስለዚህ ገንዘባችንም ቦታችንም ያልቃል።

በአገራችን ገና የሚጫወት ልጅ ቆልማማውን እንጨት ሲመርጥ ለእጁና ለቁመቱ መስማማቱን ያያል እንጂ የተጻፈበትን ቁጥር አያነብም። በጎልፍም ታላላቆቹ እንዲሁ አድርገዋል። ጂን ሳራዘን የዌጁን ታች ብረት አቅልጦ በመጨመር በአሸዋ ውስጥ እንዳይሰምጥ አደረገና በ1932 እ.ኤ.አ. የብሪታንያን ኦፕን አሸነፈ። መሐንዲሱ ካርስተን ሶልሃይም በ1959 እ.ኤ.አ. ያቋቋመው ፒንግ ደግሞ ዱላውን በተጫዋቹ አካል ለክቶ ማዕዘኑን በቀለም ነጥብ ይለያል።

እኛስ? ፈተናው ርካሽ ነው። በኳሱ ጀርባ ላይ ቀጥ ያለ መስመር በቀለም አሥምረን እንምታ፤ በብረቱ ፊት ላይ የታተመው መስመር ካዘመመ ዘንጉ ከመሬት ጋር የሚሠራው ማዕዘን ለእኛ አልተስማማም። በቀኝ ለሚመታ ሰው ዘንጉ ከመጠን በላይ ቀጥ ካለ ኳሱ ወደ ግራ፣ ከመጠን በላይ ካጋደለ ወደ ቀኝ ይሄዳል። ብዙዎቻችን ይህን ስሕተት የክንዳችን ጥፋት አድርገን እንቆጥራለን! በመዶሻ የተቀጠቀጠ ለስላሳ ብረት በባለሙያ እጅ ጥቂት ዲግሪ ይታጠፋል፤ በቅርጽ የፈሰሰው ግን ጠንካራ ስለሆነ ሊሰበር ይችላልና ጥንቃቄ ያስፈልገዋል።

ስለዚህ ወንድሞችና እኅቶች፣ አዲስ ስብስብ ከመግዛት ያገለገለውን ገዝተን በቁመታችን ብናስተካክለው ይሻላል። ሻጩን «ስንት ቁጥር ነው?» ከማለት በፊት «ስንት ዲግሪ ነው?» እንበለው። በክፍል ውስጥ የጸሐፊን ቃል ሳንመረምር የማንቀበል ሰዎች፣ በሜዳ ላይ በአንድ የተቀረጸ ቁጥር ብንረታ ያሳፍራል።