ድረ ገጽ ወይስ «ሲስተም»? መዝገብ የሌለው ሱቅ ሲስተም አይግዛ!

በኦሎምፒያና በዙሪያዋ የምትኖሩ፣ ሱቅና ወርክሾፕ ከፍታችሁ የምትሠሩ ወገኖች፤

ከጥቂት ጊዜ ወዲህ በሰፈራችን አንድ ወሬ በዝቷል። ከረባት ያሠሩ፣ ቦርሳ ያነገቱ ወጣቶች ከደንበል ጀምረው እስከ ወሎ ሰፈር ድረስ በየሱቁ እየገቡ «ሲስተም የሌለው ነጋዴ ከገበያ ይወጣል» ይላሉ። ገሚሱ ድረ ገጽ ይሸጣል። ገሚሱ ደግሞ ለእያንዳንዱ ሱቅ በልኩ ሶፍትዌር እንሠራለን ባይ ነው። ባለሱቁም የትኛው ምን እንደሆነ ሳይለይ፣ ጎረቤቴ ገዝቷል በማለት ብቻ የዕቁብ ብሩን ቆጥሮ ያስረክባል። እኛ ይህን እያየን ዝም ማለት አልቻልንም። የሚባክነው ብር የቤት ኪራይ የሚከፈልበት፣ ልጅ የሚማርበት፣ እድር የሚጣልበት ብር ነውና።

አቋማችንን ከመጀመሪያው እንናገር። በሰፈራችን ካሉት ትናንሽ ንግዶች አብዛኞቹ በልክ የሚሠራ ሶፍትዌር ዛሬ አያስፈልጋቸውም። ድረ ገጽ የሚያስፈልጋቸው አሉ፤ ለእነሱም ቀላሉ ይበቃቸዋል። ከሁለቱም በፊት ግን ለሁሉም የሚያስፈልግ አንድ ነገር አለ፤ ይኸውም በእጅ የተጻፈም ቢሆን በትክክል የተያዘ መዝገብ ነው።

ሁለቱ አንድ አይደሉም

ድረ ገጽ ማለት በመንገድ ዳር እንደሚሰቀል ሰሌዳ ነው። ማን እንደሆናችሁ፣ የት እንዳላችሁ፣ ምን በስንት እንደምትሸጡ ለማያውቃችሁ ሰው ይናገራል። በልክ የሚሠራ ሶፍትዌር ግን ከባንኮኒው ጀርባ ያለው መዝገብ ነው። ዕቃ ስንት ገባ፣ ስንት ወጣ፣ ማን ዕዳ አለበት የሚለውን ለራሳችሁ ይይዛል። አንዱ ፊቱ ወደ ውጭ ነው፤ ሌላው ወደ ውስጥ።

እንግዲህ ሰሌዳ የሚያስፈልገው ሰው ለማያውቀው ነጋዴ ነው፤ ረቀቅ ያለ መዝገብ የሚያስፈልገው ደግሞ ሥራው ለበዛበት ነው። ደንበኛ የጠፋበት ሰው ሶፍትዌር ቢገዛ ሱቁ ባዶ መሆኑን በጥሩ ሰንጠረዥ ያይ ይሆናል እንጂ አንድም ሰው አይመጣለትም። ሥራ በዝቶበት የማንን ዕቃ ለማን እንደሰጠ የማያውቅ ሰው ደግሞ ድረ ገጽ ቢያሠራ ግርግሩን ይጨምራል።

አንዲት የሰፈራችን እናት ይህን ከሁላችንም ቀድመው ተረድተውታል። ሻጩ ዳቦ ቤታቸው ገብቶ፦ «እትዬ፣ ዘመኑ የዲጂታል ነው፤ ሲስተም እንሥራልዎ» አላቸው። እሳቸውም፦ «ልጄ፣ ዳቦዬ ጠዋት 2 ሰዓት ሳይሞላ ያልቃል። ያንተ ሲስተም ዱቄት ያመጣልኛል?» ብለው ጠየቁት። ልጁ ዝም አለ። እኛም ከዚህ የተሻለ ጥያቄ እስካሁን አልሰማንም። ሲስተም ከመግዛት በፊት «ችግሬ ምንድን ነው?» ብሎ መጠየቅ ይኸው ነው።

ሒሳቡን እንሥራው

ነገሩ በቁጥር ይታይ። የምንጠቅሰው ዋጋ ለምሳሌ ያህል ብቻ ነው፤ እያንዳንዱ የራሱን ቁጥር ይተካበት። አንድ ነጋዴ በልኩ ሶፍትዌር በ300,000 ብር አሠራ እንበል። ሶፍትዌር ደግሞ ተሠርቶ አያልቅም፤ ይበላሻል፣ ይታደሳል፣ ሕግ ሲለወጥ ይለወጣል። ለዚህ ጥገና በዓመት ከዋጋው 15 በመቶ፣ ማለትም 45,000 ብር ይክፈል። በወር 8,000 ብር የሚከፈለው መዝጋቢ የሥራውን ግማሽ ቢገላገል ቁጠባው በወር 4,000፣ በዓመት 48,000 ብር ነው። ከዚህ ላይ ጥገናው ሲነሣ በዓመት 3,000 ብር ይተርፋል። 300,000 ብሩን ለመመለስ እንግዲህ 100 ዓመት ያስፈልጋል ማለት ነው። እስከዚያ የልጅ ልጆቻችንም ጡረታ ይወጣሉ!

አሁን ደግሞ ከዋናው መንገድ ገባ ብሎ ያለ አንድ ፔንሲዮን እንውሰድ። ድረ ገጹን በ40,000 ብር አሠርቶ በዓመት 10,000 ብር ለማደሪያውና ለስሙ ይክፈል። ከአንድ አዳር 500 ብር የሚያተርፍ ከሆነ በመጀመሪያው ዓመት 100 አዳር ወጪውን ይሸፍናል። ይህም በሳምንት 2 አዳር ያህል ነው። ከዋሽንግተን ተነሥቶ በቦሌ የሚያርፍ ወገናችን አውሮፕላን ከመሳፈሩ በፊት ማደሪያ ሲፈልግ ካገኘው ይህ የማይደረስበት ቁጥር አይደለም። ድረ ገጽ ለማን እንደሚጠቅም ከዚህ ይታያል፤ ከሩቅ ለሚፈለግ ንግድ ነው። ከጎረቤት በቀር ደንበኛ የሌለው ጉሊት ግን ምን ሊያደርግለት?

«ራይድስ?» ለሚሉን

«ራይድ በሶፍትዌር አይደለም ወይ የከበረ?» እያሉ የሚሞግቱን አሉ። መልካም ጥያቄ ነው። የሃይብሪድ ዲዛይንስ መሥራች ሳምራዊት ፍቅሩ ራይድን ስታቋቁም የምትሸጠው ራሱን ሶፍትዌሩን ነበር፤ ሾፌርና ተሳፋሪን ማገናኘት ሌላ ሱቅ የለውም። ለእንዲህ ዓይነቱ ሥራ በልክ የተሠራ ሶፍትዌር ጌጥ ሳይሆን ዋናው ዕቃ ነው። እንዲያም ሆኖ ተሳፋሪው በ8294 ደውሎ መኪና እንዲጠራ መንገዱ ክፍት ተደርጓል። ሶፍትዌሩን የሠሩት ሰዎች እንኳ ስልክን ካልናቁ፣ የእኛ ጫማ ሰፊ ለምን ይንቃል?

ደግሞስ ሁሉንም ነገር ከባዶ ማሠራት ለምን አስፈለገ? ኢትዮ ቴሌኮም ቴሌብርን በግንቦት 2013 ዓ.ም. ጀመረ፤ ኤም-ፔሳም በ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ተከተለ። ዛሬ ባለሱቅ ምንም ሳያሠራ በስልኩ ክፍያ ይቀበላል። የሒሳብ ሠራተኞቻችንም ለብዙ ዓመታት ሲሠሩ የኖሩት ተዘጋጅቶ በመጣው ፒችትሪ ነው። ተሰፍቶ የተሰቀለ ልብስ ልካችን ከሆነ ልብስ ሰፊ ቤት መሄድ ምን ይባላል? ሳይቸግር ጤፍ ብድር!

«ምንም አያስፈልግም» ለሚሉም መልስ አለን

በሌላ በኩል «ቴሌግራምና ፌስቡክ ይበቃል፤ ድረ ገጽ የድሮ ነገር ነው» የሚሉ አሉ። ይህም ስሕተት ነው። የፌስቡክ ገጽ የሰው ቤት ነው፤ ባለቤቱ በፈለገ ጊዜ በሩን ይዘጋል። ከየካቲት 2015 ዓ.ም. ጀምሮ ፌስቡክ፣ ቴሌግራምና ቲክቶክ በአገራችን ተገድበው እስከ ሐምሌ ሲቆዩ፣ ሰሌዳቸው እዚያ ብቻ የነበረ ነጋዴዎች ከደንበኞቻቸው ተለያይተዋል። የራሱ ድረ ገጽ የነበረው ግን ቢያንስ ስልክ ቁጥሩ ይታይ ነበር።

ድረ ገጽም ቢሆን ሁልጊዜ አያድንም። በሰኔ 2012 ዓ.ም. ኢንተርኔት ሙሉ በሙሉ ተቋርጦ ለሳምንታት ቆይቷል። ያን ጊዜ መዝገቡ በኢንተርኔት ላይ ብቻ የነበረ ሰው መዝገብ አልነበረውም። ስለዚህ ሶፍትዌር የምታሠሩ ካላችሁ ኢንተርኔት ሲጠፋም ይሥራ፤ መብራት ሲጠፋ ደግሞ ደብተሩ ከመሳቢያው አይራቅ።

የብሩንም ነገር አንርሳ። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ፣ ከዚያ በፊት 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ 100 ብርን አለፈ። የድረ ገጽ ማደሪያ ወይም የሶፍትዌር ኪራይ በዶላር የሚከፍል ሁሉ ዕዳው በአንድ ክረምት አደገበት። ዋጋው በምን ገንዘብ እንደሆነ ሳይጠይቁ መፈረም በገዛ እጅ ገደል መግባት ነው።

ስም ያልጠራነው ባለሱቅ ታሪክ

በሰፈራችን አንድ የልብስ ንጽሕና ቤት ድረ ገጽም ሶፍትዌርም በአንድ ጊዜ አሠራ። የድረ ገጹ ስም የተመዘገበው በሠሪው ልጅ ስም ነበር። የይለፍ ቃሉንም ከልጁ በቀር የሚያውቅ የለም። ልጁ ውጭ አገር ሄደ። ሶፍትዌሩ ጳጉሜን የሚባል ወር አያውቅም ነበርና የዓመቱ መጨረሻ ሒሳብ ተዘበራረቀ። አዲስ የመጣው ባለሙያም «የሌላ ሰው ሥራ አልነካም፤ ከባዶ እንጀምር» አለ። ያ ሁሉ ብር ውኃ በላው። ልጁ ሌባ አልነበረም፤ ውሉ ግን አንድ ገጽ ብቻ ነበር፤ እሱም የተጻፈው ስለ ክፍያ ነው።

ይህ እንዳይደገም፣ ከመፈረማችሁ በፊት የሚከተሉትን ጠይቁ፦

1. የድረ ገጹ ስም በእናንተ ወይም በድርጅታችሁ ስም ይመዝገብ፤ የይለፍ ቃሉም በእጃችሁ ይሁን።

2. የሶፍትዌሩ ባለቤት ማን እንደሆነ በውሉ ይጻፍ። የኮምፒዩተር ፕሮግራም በ1996 ዓ.ም. በወጣው የቅጅና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410 የሚጠበቅ ሥራ ነው። የምንጭ ኮዱ ካልተሰጣችሁ ቁልፉ ሌላ ሰው ዘንድ ያለ ቤት ገዛችሁ ማለት ነው።

3. መረጃችሁ በማንኛውም ጊዜ ወጥቶ ወደ ሌላ ፕሮግራም መሄድ ይቻል። ይህንንም በቃል ሳይሆን በዐይናችሁ ፊት ያሳዩአችሁ።

4. አሥራ ሦስቱን ወራት፣ ከሐምሌ 1 እስከ ሰኔ 30 የሚሄደውን የበጀት ዓመትና የአማርኛ ፊደልን ይወቅ።

5. የሽያጭ መመዝገቢያ መሣሪያን ነገር አስቀድማችሁ አጥሩ። ደንብ ቁጥር 139 ከወጣበት ከ1999 ዓ.ም. ወዲህ ደረሰኝ እንደ ልብ የሚታተም ነገር አይደለም፤ ግብር ሰብሳቢው ያላወቀው ሶፍትዌር የሚያወጣው ወረቀት ጣጣ ያመጣል።

6. የደንበኞችን ስምና ስልክ የምትይዙ፣ በተለይ መድኃኒት ቤቶችና ክሊኒኮች፣ በ2016 ዓ.ም. የወጣው የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321 እንደሚመለከታችሁ እወቁ።

7. ክፍያው በአንድ ጊዜ አይሁን። ሥራው እየታየ በየደረጃው ይከፈል፤ የመጨረሻውም ክፍያ ሠራተኞቻችሁ ራሳቸው ሲጠቀሙበት ካያችሁ በኋላ ይሁን።

በልክ ማሠራት የሚገባው ማን ነው?

ወጣት ባለሙያዎቻችንን የምንጠላ እንዳይመስል ይህንም እንጨምር። ሥራችሁ ከሌላው ሁሉ የተለየ ከሆነ፣ ተዘጋጅቶ የሚሸጠውን ሞክራችሁ የት ላይ እንዳልበቃችሁ ቆጥራችሁ መናገር ከቻላችሁ፣ ቅርንጫፋችሁ በዝቶ ደብተሩ ካልደረሰበት፣ ያን ጊዜ አሠሩ፤ እኛም እናመሰግናለን። በልክ የተሰፋ ልብስ ያማረ ነው። ሰፊው ግን መጀመሪያ ይለካል። ሳይለካ የሚሰፋ ሰፊ፣ ሳይጠይቅ የሚሸጥ ሻጭ፣ ሁለቱም ጨርቅ ያበላሻሉ።

ስለዚህ ምክራችን ይህ ነው። አንድ ደብተር ግዙ። ለሦስት ወር የገባውን፣ የወጣውንና የጠፋውን በየቀኑ ጻፉ። ከሦስት ወር በኋላ ደብተሩ ራሱ ይነግራችኋል፤ የጎደለው ደንበኛ ከሆነ ሰሌዳ፣ የጠፋው ዕቃና ዕዳ ከሆነ መዝገብ ያስፈልጋችኋል። መጻፉ ራሱ ከከበዳችሁ ግን ማንም ሲስተም አይረዳችሁም፤ ሲስተሙንም መሙላት ያለበት ያው ሰው ነውና።

ውል የቀረበላችሁ ካላችሁ ከመፈረማችሁ በፊት ወደ ማኅበራችን ይዛችሁ ኑ። ከመካከላችን ያነበበ ላላነበበ ያነብለታል፤ የተጎዳ ላልተጎዳ ይነግረዋል። ጎረቤት ለዚህ ካልሆነ ለምን ይሆናል?

መዝገብ ይቅደም! ሰሌዳ ይከተል! ሲስተም በስተመጨረሻ!

የማስታወቂያ ሰሌዳው አዘጋጆች