138 ወንበር፣ አንድ ድምፅ!

መገናኛ ቆሞ ታክሲ የሚጠብቅ የየካ ነዋሪ ወደ ተራራው ቀና ባለ ቁጥር አንድ ጥያቄ ሳይመጣበት አይቀርም። እዚያ ላይ መንገድ ሲጠረግ፣ «ጫካ ፕሮጀክት» የተባለው የቤተ መንግሥት ግንባታ ሲጀመር፣ ለመሆኑ ማን ጠየቀኝ? ከእንጦጦ ጭራሮ ተሸክማ ወደ ፈረንሳይ ለጋሲዮን የምትወርደውን እናትስ ማን ጠየቃት?

በኅዳር 2015 ዓ.ም. የግንባታው ወጪ በተወካዮች ምክር ቤት ሲነሣ፣ ጠቅላይ ሚኒስትሩ ገንዘቡን ከምክር ቤቱ እንዳልጠየቁ ተናገሩ። ብሩን ያልሰጠ ስለ ብሩ አይጠይቅ ማለት ነው! ብሩስ ይሁን፤ ተራራውስ?

የከተማው ምክር ቤት አለላችሁ እንባላለን። አዎ፣ 138 ወንበር አለው። በግንቦት 1997 ዓ.ም. ቅንጅት 137ቱን ወሰደ፤ ከተማዋን ሳይረከብ ግን መሪዎቹ ታሠሩ፣ አዲስ አበባም በ1998 ዓ.ም. ለባለአደራ አስተዳደር ተሰጠች። (እንግባ አንግባ የሚለው የቅንጅት ጭቅጭቅም የራሱን ድርሻ አዋጥቷል፤ አንደብቀውም።) በ2000 ዓ.ም. ኢሕአዴግ በተራው 137ቱን አፈሰ። በ2010 ዓ.ም. ደግሞ በምርጫ ፋንታ የምክር ቤቱ ዘመን ተራዘመ፣ ቻርተሩም ተሻሽሎ የምክር ቤት አባል ያልሆነ ሰው ከተማዋን እንዲመራ ተፈቀደ። በ2013 ዓ.ም. ብልጽግና ጠቀለለው። እንዲህ ባለ ቤት ውስጥ ክርክር ከየት ይመጣል? ጭብጨባ እንጂ!

ወደ ፌዴራሉ ሲኬድ የባሰ ነው። ከተወካዮች ምክር ቤት 547 መቀመጫዎች ለአዲስ አበባ የተመደበላት 23 ብቻ ነው። በፌዴሬሽን ምክር ቤት ውስጥማ እንደ ከተማ አንድም ወንበር የላትም። እዚያ የሚወከሉት ብሔር ብሔረሰቦች ናቸው፣ የምርጫው ባለቤትም የክልል ምክር ቤት ነው፤ አዲስ አበባ ደግሞ ክልል አይደለችም። ሕገ መንግሥቱን የሚተረጉመው ግን ያው ምክር ቤት ነው። አንቀጽ 49 ነዋሪው ራሱን በራሱ የማስተዳደር ሙሉ ሥልጣን አለው ካለ በኋላ ወረድ ብሎ ለኦሮሚያ ልዩ ጥቅም ይሰጣል፤ ዝርዝሩ በሕግ ይወሰናል ይላል። በ2009 ዓ.ም. የቀረበው ረቂቅ ሳይጸድቅ ቀረ።

ሐቁን እንናገር ከተባለ፣ ከተማዋ በኮተቤና በሲኤምሲ በኩል ስትሰፋ ማሳውን የለቀቀው የኦሮሞ ገበሬም አማካሪ አልነበረውም። በ2006 ዓ.ም. ደም ያፋሰሰው የጋራ ማስተር ፕላን በ2008 ዓ.ም. የተሰረዘው በምክር ቤት ክርክር ሳይሆን መንገድ ላይ በወደቁ ወጣቶች ሕይወት ነው። ነሐሴ 2014 ዓ.ም. ላይ ወሰን ሲካለልም ሁለቱ አስተዳደሮች ተስማሙ ተባለ፤ ኮዬ ፈጬም ወደ ኦሮሚያ ሄደ። ገበሬውም ሆነ የኮንዶሚኒየም ባለዕጣው እንደ ማንኛችንም ከዜና ሰማ።

እንግዲህ ምክር ቤቱ ስለ ከተማ ዕድገት እወያያለሁ ካለ፣ መጀመሪያ የየካን ተራራ ካርታ ግድግዳ ላይ ይስቀል። የቱ ደን፣ የቱ ማሳ፣ የቱ ሰፈር እንደነበረና የቱ ለማን እንደተሰጠ ያሳየን። ስብሰባውንም እዚያው ኮተቤ ያድርገው፣ በሩም ክፍት ይሁን። የየካ ሰው አበል አይጠይቅም፤ በእግሩ ይመጣል።