ለአስጠኚ ጓደኞቻችን፦ ተረት ነው ብላችሁ አትናቁት

ከትምህርት ሰዓት በኋላ ወደ ቂርቆስና ወደ ካዛንቺስ እየወረድን የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎችን በየቤታቸው የምናስጠና የአርትስ ተማሪዎች ቍጥራችን ጥቂት አይደለም። ስለ ክፍያው ማነስና ስለ ታክሲው ሰልፍ ስንነጋገር እንሰማለን፤ ስለምናስተምረው ነገር ስንነጋገር ግን አንሰማም። ዛሬ ልናነሣ የፈለግነው ይህንኑ ነው።

ሥነ ጽሑፍ አስጠኑ ስንባል የምናደርገው የታወቀ ነው። ደብተሩን እንገልጣለን፤ ሴራ ማለት ምንድን ነው? መቼት ማለት ምንድን ነው? ገጸ ባሕርይ ስንት ዓይነት ነው? ልጁም ሁሉን በቃሉ ይወጣዋል። አንድም መጽሐፍ ከዳር እስከ ዳር ሳያነብ የልብ ወለድን አላባውያን ቈጥሮ ይጨርሳል። እኛም አስተማርን ብለን ሒሳባችንን ተቀብለን እንወጣለን።

የእኛ አስተያየት ለልጁ አንድ ሙሉ መጽሐፍ ይሰጠው ነው፤ መጽሐፉም ፋንታዚ ከሚባለው ወገን፣ ይኸውም በዚህ ዓለም የሌለ አገርና የማይሆን ነገር ከሚተረክበት ምናባዊ ልብ ወለድ ይሁን።

ለምን ቢባል፣ መቼት የሚለው ቃል «መቼ» እና «የት» ከሚሉት ተጋጥሞ እንደ ተሠራ ሁላችን እናውቃለን። ታሪኩ በአዲስ አበባ የሆነ እንደሆነ ግን ልጁ መቼቱን አያየውም፤ የሚኖርበትን ቤት ግድግዳ ማን ልብ ይለዋል? ጆናታን ስዊፍት በ1726 እ.ኤ.አ. ባሳተመው «የጉሊቨር ጉዞ» ውስጥ ሰዎቹ ስንዝር ከማይሞሉበት አገር ሲደርስ ግን ራሱ መጠየቅ ይጀምራል። ይህን የሚያህል ሰው በምን ይቀልቡታል? ንጉሡስ በምን ኀይል ያዝዘዋል? እንቍላል በየትኛው ጫፉ ይሰበር በሚል ጠብ ሁለት መንግሥታት ሲዋጉ ያነበበ ልጅ ስላቅ ምን እንደሆነ በትርጓሜ መስማት አያስፈልገውም። (ዙሪያውን አይቶ እነማንን ማለት እንደሆነ መገመትም ይጀምራል፤ ግምቱን ለራሱ እንተውለት።)

ይህ የፈረንጅ ነገር ነው የሚለን አይጠፋም። የአማርኛ ልብ ወለድ ራሱ ከየት ተነሣ? አፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ በ1900 ዓ.ም. ሮማ ላይ «ልብ ወለድ ታሪክ» ብለው ያሳተሙት፣ ኋላ «ጦቢያ» በመባል የታወቀው መጽሐፍ፣ መንታ ወንድምና እኅት የሚለያዩበት፣ ልጅቱ ወንድ መስላ አገር ለአገር የምትዞርበት፣ ሌላይቱም ሴት ወንድ መስላት በፍቅሯ የምትወድቅበት ድንቅ ታሪክ ነው። ልብ ወለድ የምንለው ስያሜ የተገኘው ከዚሁ አርእስት ነው። ደራሲው በወረራው ዘመን ለኢጣልያ ማደራቸው አይረሳንም። ነገር ግን ካዛንቺስም ስሙን ያገኘው ኢጣልያኖች ለመንግሥት ሠራተኞቻቸው ከሠሯቸው ቤቶች ነው፤ እስከ ዛሬም በዚያው ስም እንጠራዋለን።

ከዚያም በፊት በግዕዝ ዜና እስክንድር አለልን፤ ጎግና ማጎግ በበር የተዘጋባቸው፣ የሕይወት ውሃ የተፈለገበት ነው። «ራስላስ»ንም አንርሳ። ሳሙኤል ጆንሰን ኢትዮጵያን ሳያይ፣ የሎቦን የጉዞ መጽሐፍ በመተርጐም ባገኘው ዕውቀት ተደግፎ፣ በ1759 እ.ኤ.አ. ያሳተመው ነው፤ ሲራክ ኅሩይ ወደ አማርኛ መልሰውልናል። በተዘጋ ሸለቆ ውስጥ ምንም ሳይጐድለው የሚኖር የኢትዮጵያ ልዑል ለምን መውጣት ይመኛል? ይህን ጥያቄ ለዐሥራ ስድስት ዓመት ልጅ አቅርቡለትና የሚመልሰውን ስሙ።

በ2017 ዓ.ም. ብዙው የካዛንቺስ ቤት ለመልሶ ማልማት ሲፈርስ ከምናስጠናቸው አንዳንዶቹ ከወላጆቻቸው ጋር ወደ ከተማው ዳር ሄዱ። ከእነርሱ አንዲቱ ጉሊቨርን እስከ መካከሉ አንብባ ነበር። ከመሄዷ በፊት ድርሰት ጻፊ ብንላት የሰፈሩን ሰው ሁሉ በስንዝር ቁመት ልክ፣ አፍራሹን ማሽን ደግሞ ተኝቶ እንደሚነሣ ግዙፍ እንግዳ አድርጋ ጻፈች። ደብተር እያስገለበጥን ባስጠናናት ጊዜ ሁሉ ከእጇ እንዲህ ያለ ነገር ወጥቶ አያውቅም።

ወላጅ ግን የሚከፍለው ለውጤት ነው። ፍርሀቱም ያለ ምክንያት አይደለም፤ የ12ኛ ክፍልን ብሔራዊ ፈተና ወስደው 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት በ2014 ዓ.ም. ከመቶ 3.3፣ በ2015 ዓ.ም. 3.2፣ በ2016 ዓ.ም. 5.4 ብቻ ነበሩ። ይህን የሰማች እናት ልጅዎ ስለ ድንክዬዎች ያንብብ ስንላት ያላገጥንባት ቢመስላት አይፈረድባትም። ጉሊቨር የፊዚክስን ውጤት ያሻሽላል ብለን አንዋሽም። ነገር ግን እንግሊዝኛው ምንባብ ይዞ ይመጣል፤ ከአንድ ገጽ በላይ አንብቦ የማያውቅ ልጅ በዚያ ሰዓት ምን ሊሆን ነው?

አስማት ያለበት መጽሐፍ ከቤቴ አይገባም የሚል ወላጅ ካለም አንከራከረው። የጉሊቨር የመጀመሪያው ክፍል ጠንቋይ የለበትም፤ ከእርሱ መጀመር ነው። (የቤተ መንግሥቱን እሳት ያጠፋበትን መንገድ ብቻ እናቲቱ ባሉበት ጮክ ብላችሁ አታንብቡ።)

በሳምንት ሦስት ቀን የምንሄድ ከሆነ አንዱ ቀን ለመጽሐፉ ይሁን። ሃያ ደቂቃ ድምፅ አሰምተን እናንብብ፤ የቀረውን ልጁ ይጨርስ። መጽሐፍ ከየት ይገኛል ለሚል፣ በ2014 ዓ.ም. አራት ኪሎ የተከፈተው አብርሆት ቤተ መጻሕፍት ከካዛንቺስ ሽቅብ በእግር ይደረሳል፤ እንግሊዝኛው ጉሊቨርም የባለቤትነት መብቱ ዘመን ካለፈ ቈይቷልና በስልክ በነጻ ይገኛል። አሳጥረው የጻፉትን ከስልኩ ገልብጦ አነበብኩ ለሚል ልጅ ደግሞ አንድ ጥያቄ ይበቃዋል፤ ጉሊቨር የተኛው በስንት ፍራሽ ነበር? ስድስት መቶ ነው፤ አንድ መቶ አምሳው ለወርድና ለቁመት ተሰፍቶ፣ በአራት ድርብ ተነጥፎለት፣ እንደዚያም ሆኖ ወለሉ ቈርቍሮታል።