ስለ ጭነት መኪና መግዛት፤ አዲሱን ነውን ወይስ ያገለገለውን?

የመኪና መግዛት ነገር የወንዶች ጉዳይ ብቻ ነው የሚሉ ሰዎች አሉ። እኛ ግን ገንዘቡ የሚወጣው ከቤቱ ሁሉ ስለ ሆነ፥ የቤቱ ሁሉ ጉዳይ ነው እንላለን፤ በዚህ ገጽ ለመጻፍ የደፈርነውም ስለዚህ ነው። የምንናገርለት መኪና ባለ ሁለት ጋቢናው ፒክ አፕ ነው፤ ይኸውም በሥራ ቀን እህልና ሲሚንቶ ጭኖ የሚውል፥ በበዓል ዋዜማ ደግሞ ልጆችንና አያቶችን ይዞ ወደ ገጠር ዘመድ የሚወርድ ነው። ከዚህ ከፍ ያለውን ካሚዮን ለንግድ ሊገዛ ያሰበ ሰውም ከነገሩ የሚበጀውን ሊወስድ ይችላል።

በውጭ አገር ሰዎች ዘንድ አንድ የታወቀ ሒሳብ አለ። አዲስ መኪና ከሻጩ ደጅ በወጣ በመጀመሪያው ዓመት ከዋጋው አንድ አምስተኛ ያህል ያጣል፤ ስለዚህ አስተዋይ ሰው ሁለትና ሦስት ዓመት ያገለገለውን ይግዛ ይላሉ። ይህ ምክር በአገሩ እውነት ነው፤ በአገራችን ግን እንዳለ አይሠራም። እኛ ዘንድ አምስት ዓመት የተነዳ መኪና ከተገዛበት ዋጋ በላይ ሲሸጥ ማየት እንግዳ ነገር አይደለም። ምክንያቱም የታወቀ ነው። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186 ያገለገለ መኪና ከውጭ የሚያስገባው ሰው ከአዲሱ ይልቅ የበረታ ታክስ እንዲከፍል፥ ዕድሜው በገፋ መጠንም ታክሱ እንዲጨምር አደረገ። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ መንግሥት ወሰነ። በዚያው ዓመት በሐምሌ ወር የውጭ ምንዛሪ ዋጋ በገበያ እንዲወሰን በተደረገ ጊዜ፥ 57 ብር ያህል የነበረው አንድ የአሜሪካ ዶላር በጥቂት ሳምንት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። እንግዲህ ከውጭ የሚመጣው ሲወደድ፥ ቀድሞ በአገር ውስጥ የነበረው አሮጌ መኪናም አብሮ ተወደደ።

ከዚህ የተነሣ አዲስና ያገለገለ የሚለው ክርክር በአገራችን ሌላ መልክ ይዟል። ያገለገለው ርካሽ ነው ብሎ መነሣት ስሕተት ነው፤ ርካሽ አይደለምና። አዲሱም አያስቸግርም ብሎ መነሣት እንዲሁ ስሕተት ነው፤ ለአዲሱ ሲባል ቤቱን በመያዣ ሰጥቶ ከባንክ የተበደረ ሰው፥ መኪናው ባያስቸግረው ወለዱ ያስቸግረዋል። እኛ የምንጠይቀው ጥያቄ ሌላ ነው፤ መኪናው ከተገዛ በኋላ በእጃችሁ ምን ያህል ገንዘብ ይቀራል? ያገለገለ መኪና የሚገዛ ሰው ከዋጋው ቢያንስ አንድ አምስተኛውን ለጥገና ሳይነካ ማስቀመጥ አለበት ብለን እናምናለን። ይህን ማስቀመጥ ካልቻለ መኪናው ከአቅሙ በላይ ነው፤ ያነሰውን ይፈልግ፥ ወይም አንድ ዓመት ይታገሥ።

ይህን የምንለው ከመጽሐፍ አግኝተነው አይደለም። ከዓመታት በፊት እኛው ራሳችን አንድ ፒክ አፕ ገዝተን ነበር። ቀለሙ ያብረቀርቅ ነበር፤ ኪሎ ሜትር መቁጠሪያውም ጥቂት እንደ ሄደ ያሳይ ነበር፤ ደላላው ደግሞ ንግግር ዐዋቂ ነበር። ባለቤታችን «የሰፈራችን መካኒክ ሳያየው ገንዘብ አይክፈሉ» ብትለን፥ ሌላ ገዢ ይቀድመናል ብለን ቸኮልን። የፍሬኑ መርገጫ ጎማ አልቆ ብረቱ እስኪታይ ድረስ ተበልቶ ነበር፤ ይህን እያየን፥ ጥቂት የተነዳ መኪና መርገጫው እንዴት እንዲህ ያልቃል ብለን አልጠየቅንም። በአራተኛው ወር የቴስታታው ጓርኒሲዮን ተቃጥሎ ውሃና ዘይቱ ተቀላቀለ። መካኒኩ ሞተሩን ከፍቶ ካየ በኋላ «ጌታዬ፥ ሳይገዙ ቢጠሩኝ አንድ ጠዋት ይበቃኝ ነበር፤ አሁን ግን ወር ይፈጅብኛል» አለን። ለሁለቱ ልጆች ትምህርት ቤት የተቀመጠው ገንዘብ ለሞተር ዕድሳት ዋለ፤ ባለቤታችንም ከእኅቷ ተበድራ ከፈለች። ስለ ነገሩ እስከ ዛሬ አንድ ቃል አልተናገረችንም፤ ዝምታዋም ከወቀሳ የከበደ ሆነብን።

ስለዚህ ያገለገለውን የሚገዛ ሰው ሻጩ ያላመጣውን፥ ራሱ የሚከፍለውን መካኒክ ይዞ ይሂድ። የሚሄደውም በማለዳ ይሁን፤ ሞተሩ አድሮ ቀዝቅዞ ሳለ ሲነሣ ሕመሙን አይደብቅምና። ሻጩ አስቀድሞ አሙቆ ከጠበቃችሁ፥ ሌላ ቀን እንመለሳለን በሉ። ጭሱ ሰማያዊ ከሆነ ሞተሩ ዘይት ይበላል፤ ሞተሩ ከሞቀ በኋላም ነጭ ጭስ ካላቆመ፥ ውሃ ወደ ቺሊንድሮ ይገባ እንደ ሆነ ይመርመር፤ ጥቁር ከሆነ ናፍጣው በሚገባ አይቃጠልም። የዘይቱ ክዳን ሲከፈት ወተት የመሰለ ነገር ከታየበት፥ የእኛን መኪና ታሪክ አስቡ። ከሥር ገብቶ ሻንሲው በብየዳ ተቀጥሎ እንደ ሆነ፥ ባሌስትራው ተሰብሮ እንደ ሆነ ማየት ይገባል። ጎማው በአንድ ወገን ብቻ ተበልቶ ከሆነም ምክንያቱን ሳያውቁ ማለፍ አይገባም።

ከዚያም በሜዳ ሳይሆን በአቀበት ይነዳ። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2,400 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ስለ ሆነች አየሩ ሳሳ ያለ ነው፤ ቱርቦ የሌለው ሞተር በዚህ ከፍታ ከጉልበቱ አንድ አራተኛ ያህል ያጣል። የደከመ ሞተር ወደ እንጦጦ ሲወጣ ራሱን ይገልጣል። ፍሬኑ ደግሞ በቁልቁለት ይፈተናል፤ ከጎሐ ጽዮን ወደ ዓባይ ድልድይ የሚወርደው መንገድ ከአንድ ሺህ ሜትር በላይ ቁልቁለት መሆኑን፥ ቤተ ሰቡን ጭኖ ወደ ጎጃም ለመሄድ ያሰበ ሰው አይርሳ።

ስለ መለዋወጫ አንድ ነገር እንጨምር። በአገራችን ኤንትሬ የተባለው የፊያት ካሚዮን ፋብሪካው መሥራቱን ካቆመ በኋላም ብዙ ዘመን ጭነት ሲያመላልስ የኖረው፥ ብረቱ ጠንካራ ስለ ሆነ ብቻ አልነበረም፤ ሕመሙን የማያውቅ መካኒክ፥ ዕቃውም የማይገኝበት ከተማ ስላልነበረ ነው። በሶማሌ ተራ ዕቃው የማይገኝ መኪና አዲስም ቢሆን፥ አንድ ጥርስ በተሰበረ ቀን ለወራት ደጅ ላይ ይቆማል። በኤሌክትሪክ የሚሠራውን ያገለገለ መኪና የሚገዛም ባትሪው ምን ያህል ጉልበት እንደ ቀረው ሳያስለካ አይክፈል፤ የዋጋው ትልቁ ክፍል እርሱ ነውና።

አዲሱን መግዛት የሚገባው ለማን ነው? መኪናው በየቀኑ ሠርቶ ገንዘብ የሚያገባለት፥ አንድ ቀን መቆሙም የሚያከስረው ሰው፥ ዋስትና ያለውን አዲስ ቢገዛ አንከራከረውም። በሳምንት ሁለት ቀን ለሚነዳ ቤተ ሰብ ግን በሚገባ የተመረመረ ያገለገለ መኪና ይበቃል፤ የእኛ ፍርድ ይህ ነው።

በመጨረሻ የወረቀቱ ነገር አለ። የሻንሲውና የሞተሩ ቁጥር ከሊብሬው ጋር በዓይን ይመሳከር፤ ዕዳና እገዳ እንደሌለበት ከመዘገበው መሥሪያ ቤት ይጠየቅ። ሻጩ በውክልና የሚሸጥ ከሆነ፥ ወካዩ በሕይወት መኖሩንና ውክልናውም አለመሻሩን ማረጋገጥ ያስፈልጋል፤ ወካዩ ሲሞት ውክልናው ይቀራልና። ገንዘቡም በባንክ በኩል፥ ውሉ በሰነዶች ማረጋገጫ መሥሪያ ቤት በሚፈረምበት ቀን ይከፈል።

ሁለተኛውን መኪናችንን የመረጠችው ባለቤታችን ናት። መካኒኩን ይዛ ሦስት መኪና አይታ ሦስቱንም ትታ ተመለሰች፤ አራተኛውን ገዛን፤ ቀለሙ የደበዘዘ ነው።