ማንገት ብቻ አይበቃም

ጠመንጃን በትከሻ አንግቶ ሞተር መንዳት በቂ ነው የሚለው አስተያየት ከእግረኛ ልማድ የተወሰደ ነው፤ ስህተቱም እዚያ ላይ ነው። እግረኛ ሲያዳልጠው መሣሪያውን በእጁ ይደግፋል። የሞተረኛ ሁለት እጆች ግን መሪው ላይ ናቸው። ከወረታ ወደ ፎገራ ሜዳ የሚወርድ ሰው በክረምት የሚጠብቀው የርብና የጉማራ ወንዞች የሚያጥለቀልቁት ጥቁር አፈር ነው፤ ጭቃው ጎማውና ፓራፋንጎው መካከል ተጠቅጥቆ ጎማውን ያስራል። ሞተሩ ሲወድቅ የታነገተው ብረት ጀርባ ሥር ይገባል፤ አከርካሪ የሚጎዳው ያኔ ነው። ጥይት ከጎረሰማ አፈሙዙ ወዴት እንደሚዞር ማንም አያውቅም። ከኋላ የተፈናጠጠ ሰው ካለ ደግሞ ገና ሳይወድቁም አፈሙዙ ፊቱ ላይ ነው። ጭቃ የገባበት አፈሙዝ ሳይታይ ቢተኮስበት በርሜሉ ሊቀደድ ይችላል።

«ቃታው ተቆልፏል» የሚለው መከራከሪያም አያዋጣም። ቁልፍ ያረጃል፣ ይላላል፤ ባዶ ጠመንጃ ግን አይተኩስም። ስለዚህ ከመነሳት በፊት ካዝናው ይነቀላል፣ የጎረሰው ጥይት ይወጣል፣ የሚጎርስበትም ቦታ በዓይንም በጣትም ይፈተሻል። መሣሪያው በወፍራም ከረጢት ተከቶ በሞተሩ ጎን በቁመት፣ ከማርሚታው ርቆ፣ ሁለት ቦታ ይታሰራል፤ መሪው ላይ አግድም ማሰር መዞሪያ ያሳጣል። ጥይቱ ለብቻው ይያዛል። በአዋጅ ቁጥር 1177/2012 የሚጠየቀው ፈቃድም ከባለመሣሪያው ኪስ አይለይም።