ባሬላ ለመሸከም «ትችላለች»፣ ፕላን ለማንበብ «አትችልም»?

ጎበዝ! «ሴትና ኢንጂነሪንግ አይስማሙም» የሚለው ተረት ሰለቸኝ። ካድሬውም፣ ኮንትራክተሩም፣ ተማርኩ ባዩም በየሻይ ቤቱ ይደግመዋል። ሳይቱ ከባድ ነው፣ ፀሐዩ፣ አቧራው... ወይ ጉድ! ለመሆኑ አዲስ አበባ ውስጥ አሸዋ በባሬላ ተሸክማ በእንጨት መወጣጫ አምስተኛ ፎቅ የምትደርሰው ማን ናት? ለጉልበቱ ሲሆን ሳይቱ አይከብዳትም፤ ፕላኑን ይዛ «ይህ ብረት አንሷል» ልትል ስትመጣ ግን ድንገት ደካማ ፍጡር ትሆናለች።

«ጭንቅላቷ ለቁጥር አልተፈጠረም» ለሚለኝ ደግሞ ደብረ ኤልያስን እጠራለታለሁ። ሐዲስ ዓለማየሁን ያስተማረ የቅኔ አገር ነው። ቅኔ ምንድን ነው? ከጉባኤ ቃና ሁለት ቤት እስከ መወድስ ስምንት ቤት በልክ የሚቆም፣ አንዲት ቃል ብትዛነፍ የሚፈርስ ሕንፃ አይደለምን? እዚያው ጎጃም ውስጥ ዓይነ ስውሯ እማሆይ ገላነሽ ሐዲስ ወንዶቹን ሰብስበው ይህንኑ ቅኔ አስተምረዋል። ምን ረዳቸው? አባታቸው የቅኔ መምህር ስለነበሩ ጉባኤው ከቤታቸው ነበር። የሌላው ገበሬ ልጅ ግን ወንድሟ አኩፋዳ አንግቶ ሲሄድ እንስራ ተሸክማ ወንዝ ወረደች።

ዛሬስ? የገጠሯ ልጅ ስምንተኛን ስትጨርስ ሁለተኛ ደረጃው ያለው ከተማ ነው። ወንድሟ ድርቆሹን ቋጥሮ፣ ቤት ተከራይቶ ይማራል። ለእሷ ግን አባት ይፈራላታል፤ ፍርሃቱም ከንቱ አይደለም። «ሳትበላሽ ትዳር» ይባልና ያልቃል። የ1992ቱ የፌዴራል የቤተሰብ ሕግ የሴቷን የጋብቻ ዕድሜ ከ15 ወደ 18 ከፍ አደረገ፤ የክልሉም ተከተለ። ሕጉ ግን ሠርጉ ላይ አልተጠራም።

መንግሥት ምን አደረገ? ለሴቶች የዩኒቨርሲቲ መግቢያ ነጥብ ዝቅ አደረገ። ከመቶ 70ው ተማሪ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ይግባ አለ። በጥቅምት 2011 ከ20 ሚኒስትሮች 10ሩን ሴቶች አድርጎ ፎቶ ተነሣ። ነጥብ መቀነሱን አልቃወምም። ቅናሹ የደረሳት ግን በሩ ላይ የደረሰችው ናት፤ መንገድ ላይ የቀረችውን ማን ቆጠራት? የገባችውም «በድጎማ የገባች» እየተባለች ተምራ ስትወጣ «ጾታ፦ ወንድ» የሚል የሥራ ማስታወቂያ ይጠብቃታል። አዋጅ 1156/2011 በጾታ ማዳላትን ከልክሏል። በዚህ የተቀጣ ኮንትራክተር የምታውቁ እስቲ ንገሩኝ!

ጭራሽ በ2015 ክረምት በአማራ ክልል ጦርነቱ ተቀጣጠለና ብዙ ትምህርት ቤቶች ተዘጉ። ወንዱም ተጎድቷል፤ ቤት በተቀመጠችው ልጅ ላይ ግን ሽማግሌ ይላክባታል። ደወሉ ሲደወል ማን ይመለሳል ትላላችሁ?

ለሴት መሐንዲስ የሚቆረቆር ባለሥልጣን ካለ፣ ለማርች 8 ቲሸርት ማሳተሙን ትቶ ደብረ ኤልያስ ላይ ለሁለተኛ ደረጃ ሴት ተማሪዎች በሩ በደንብ የሚቆለፍ ማደሪያ ያሠራልን። ፕላኑን የሚያወጡለት ሥራ ያጡ ሴት ኢንጂነሮች አሉ።